ሣሩም ማዕበሉም በአንድ ወቅት ይመጣሉ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። 27 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ከአትላንታ ወጣ ብሎ ላውረንስቪል ነው። ከአጎቴ ልጅ ጋር 30 ግቢ ሣር እናጭዳለን። በወቅቱ ለአንድ ግቢ 45 ዶላር፣ በሳምንት 1,350 ዶላር እናስገባለን። አሁን አንድ የመብራት ድርጅት በተለማማጅ ላይንማንነት (የመብራት መስመር ሠራተኛነት) ተቀብሎኛል፤ መነሻው በሰዓት 27 ዶላር ነው፣ ሥልጠናው አራት ዓመት ይፈጃል። የስምንት ወር ልጅ አለችን። የሣሩን ሥራ ልተወው ወይስ ማታ ማታና ቅዳሜ እየሠራሁ ልቀጥል? ጫማስ ምን ዓይነት ልግዛ? እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ። ዘመዶችህ ምን እንደሚሉህ ከወዲሁ አውቃለሁ፦ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ተረቱ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን አንዱን ዛፍ ሌላ ሰው ቢወጣልህ የሚከለክል ነገር አላየሁበትም። ምክሬ ይህ ነው፦ የማታውን ማጨድ ሥራ ከመጀመርህ በፊት ተው። ከ30ው ግቢ አጠገብ ለአጠገብ የሆኑትን 10 ያህል ለቅዳሜ ያዝ። የቀሩትን 20 ለአጎትህ ልጅ በራሱ ስም አስረክበው። ማሽኖቹን ግን የሙከራ ጊዜህ ሳያልቅ እንዳትሸጥ። በመስመር ሥራ 19 ዓመት ቆይቻለሁ፣ ያለፉትን ስድስቱን በፎርማንነት፤ ይህን የምልህ ተለማማጆች ሲመጡም ሲሄዱም እያየሁ ስለኖርኩ ነው።

ከወቅቱ እንጀምር። ወራቱን በፈረንጆቹ እጠራለሁ፤ እዚህ ቀጠሮው ሁሉ በዚያ ነውና። በጆርጂያ የቤርሙዳ ሣር የሚነቃው በኤፕሪል ገደማ ነው፤ የሚተኛው የመጀመሪያው ውርጭ ሲወድቅ። የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት ደግሞ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። አየኸው? ሣሩ በጣም በሚፈልግህ ወር መስመሩም በጣም ይፈልግሃል። በመካከሉ የጁላይና የኦገስት የከሰዓት ነጎድጓድ አለ፤ ስም የማይወጣለት፣ ዜና የማይሆን፣ አንተን ግን ከእራት ላይ የሚያስነሣህ።

በ2024 ሄሊን የተባለችው ማዕበል ሴፕቴምበር 26 ሌሊት ከፍሎሪዳ ገብታ ጆርጂያን አቋርጣ ስታልፍ፣ እኛ በማግስቱ ወደ ኦገስታ ስንነዳ መንገድ ላይ የወደቀውን ጥድ ከፊታችን በመጋዝ ይቆርጡ ነበር። 16 ሰዓት ሥራ፣ 8 ሰዓት ዕረፍት፣ እንደገና 16 ሰዓት። ቤቴ የገባሁት በ15ኛው ቀን ነው። በእነዚያ 15 ቀናት ያንተ ደንበኞች ሣር ሁለት ጊዜ መታጨድ ነበረበት። እርግጥ የመጀመሪያ ዓመት ተለማማጅ ብዙ ጊዜ ሩቅ አገር አይላክም፤ እዚሁ ቀርቶ የአካባቢውን ጥሪ ይሸፍናል። ስልኩ ግን ይደወልልሃል። በተደጋጋሚ የማያነሣ ተለማማጅ ደግሞ በሙከራ ጊዜው ምን እንደሚጻፍበት መገመት አያዳግትህም።

ብዙ ልጆች ስለ ጊዜ ማጣት ይጠይቁኛል። እኔን የሚያስፈራኝ እንቅልፍ ማጣት ነው።

ሦስተኛ ዓመት ተለማማጅ ሳለሁ ቅዳሜና እሑድ ሌሊት ታክሲ እነዳ ነበር። አንድ ሰኞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኝቼ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሥራ ቦታ ደረስኩ። መስመሩ ከመሬት አንጻር 7,200 ቮልት፣ በሁለት ፌዞች፣ ማለትም ኃይል በተሸከሙ ሁለት ሽቦዎች፣ መካከል 12,470 ቮልት የተሸከመ ነበር። የጎማ ጓንት በየቀኑ ከመልበስህ በፊት በአየር ትፈትነዋለህ፦ አፉን ይዘህ ወደ ጣቶቹ ትጠቀልለዋለህ፣ አየሩ ውስጥ ሲታፈን ጣቶቹ ተነፍተው ይቆማሉ፣ ከዚያ ጨመቅ አድርገህ ወደ ጉንጭህ ታስጠጋዋለህ። የሚያፈተልክ አየር ካለ ጆሮህ ባይሰማው ጉንጭህ ይሰማዋል። ያን ጠዋት «ፈትነሃል?» ስባል «አዎ» አልኩ። አልፈተንኩም ነበር። መዋሸቴም አልነበረም፤ ያስታወስኩት የዓርቡን ፈተና ነው፣ በደከመ ጭንቅላቴ ውስጥ ዓርብና ሰኞ አንድ ቀን ሆነው ነበር። አብሬው ባልዲው ውስጥ፣ ማለትም መኪናው ክንድ ላይ ባለው የሰው ማንሻ ውስጥ፣ የምወጣው ጆርኒማን፣ ሥልጠናውን ጨርሶ ሙሉ ባለሙያ የሆነው ሰው ማለቴ ነው፣ ዓይኔን ትክ ብሎ አየና ጓንቶቹን ከእጄ ወሰደ። የግራውን ጠቀለለ። ጉንጩ ላይ አደረገ። ዝም ብሎ ቆየና ወደ እኔ ጉንጭ አመጣው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ካለው ስርጉድ የፀጉር ያህል ቀጭን ነፋስ ይወጣል። የሽቦ ስባሪ ወግቶት ይሆናል። ጓንቱን በቢላዋ ሰንጥቆ ጣለውና «ታክሲው ስንት ያስገባልሃል?» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። በዚያው ሳምንት ታክሲውን መለስኩ።

ከውጭ ሲታይ ሥራችን የጉልበት ሥራ ይመስላል። ጉልበቱ አለ፤ በተለይ አንተ የመጀመሪያውን ዓመት ጉድጓድ ስትቆፍር፣ ዕቃ በገመድ ስትልክ፣ መሬት ላይ ምሰሶ ስታሰናዳ ታየዋለህ። ዋናው ነገር ግን ቅደም ተከተል ነው። አንድ ምሳሌ ልንገርህ። ማዕበል ባለፈበት ሰፈር አንድ ሰው ጄኔሬተሩን ቤቱን ከመስመሩ ሳይለይ ሶኬት ላይ ሰካው እንበል። 7,200ውን ለቤት ወደ 240 የሚያወርደው ትራንስፎርመር በተገላቢጦሽ ይሠራል፤ 240 ገብቶ 7,200 ሆኖ ይወጣል። «ጠፍቷል» የተባለው ሽቦ በዚያች ደቂቃ ሰው ይገድላል። ስለዚህ መጀመሪያ ትፈትናለህ፣ ከዚያ ኧርዝ ታደርጋለህ (ሽቦውን ከመሬት ጋር ታገናኘዋለህ)፣ ከዚያ ትነካለህ። ይህን የማያውቅ ላይንማን የለም፤ አንዱን ደረጃ ዘልሎ ሳለ የፈጸመው የሚመስለው ግን የደከመው ነው። የእኛ ማኅበር፣ ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ወንድማማችነት፣ በ1891 ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆነው ሄንሪ ሚለር ራሱ ላይንማን ነበር። በ1896 ዋሽንግተን ውስጥ ሥራ ላይ ሳለ በኤሌክትሪክ ተመትቶ ወድቆ ሞተ። ያ ሁሉ ልምድ ያለው ሰው።

በዚህ ሥራ ከባድ መኪናም ትነዳለህ። የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች የፌዴራል ደንብ ሌላ ቦታ በክፍያ የሠራኸውን ሰዓት ሁሉ የሥራ ሰዓት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ከመንዳትህ በፊት ሣር ያጨድክበትም ጭምር ማለት ነው። የመብራት መስመር መጠገኛ መኪኖች ከሰዓት ገደቡ ነፃ ተደርገዋል፤ ማዕበል ቀጠሮ አይሰጥምና። እንቅልፍህን ግን በደንብ ነፃ የሚያወጣልህ የለም። እኔ ጠዋት ሥራ ከመጀመራችን በፊት ቆመን በምንነጋገርባት አሥር ደቂቃ የተለማማጆቼን ዓይን አያለሁ። ቀይ ዓይን ያየሁበትን ልጅ ወደ ላይ አላወጣውም፤ ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ዕቃ ሲያቀብል ይውላል። ይህ ደግሞ ወደ ላይ የመውጣት ልምድህን ያዘገየዋል።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። 1,350 ዶላሩ ገቢ ነው፤ ትርፉን እስቲ አብረን እንቁጠረው። አንድ ግቢ ከነጉዞው ለሁለታችሁ 40 ደቂቃ ይፈጃል ብንል፣ 30 ግቢ 20 ሰዓት ነው። ለአጎትህ ልጅ በሰዓት 18 ዶላር ብትከፍለው 360 ሄደ። ቤንዚን፣ ዘይት፣ የመቁረጫ ክርና ምላጭ 140። የማሽኑ፣ የተጎታቹና የፒክአፑ እርጅና 150፤ ይህን አብዛኛው ሰው አይቆጥረውም፣ ማሽኑ የሞተ ቀን ግን በአንድ ጊዜ ይቆጠርበታል። ኢንሹራንስና ስልክ 50። ድምሩ 700 ነው፤ እጅህ ላይ 650 ይቀራል። ምላጭ መሳሉ፣ ደረሰኝ መላኩ፣ ያልከፈለውን ደንበኛ መለማመጡ በሳምንት 5 ሰዓት ይበላል፤ ስለዚህ 650ውን ለ25 ሰዓት አካፍለው፣ በሰዓት 26 ዶላር። ከዚህ ላይ የግል ሥራ ታክስ አለ፤ 15.3 በመቶ፣ ከትርፉ 92.35 በመቶ ላይ ተሰልቶ፣ 92 ዶላር ገደማ። ወደ 22 ዶላር ወረድክ።

በመስመሩ በኩል የትርፍ ሰዓት ክፍያህ አንድ ተኩል እጥፍ ከሆነ 40 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። ከእሱ ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚቆረጥብህ 7.65 በመቶ ነው፤ ሌላውን ግማሽ ቀጣሪህ ይከፍላል። የገቢ ግብሩ ሁለቱንም ያገኛቸዋል፣ እሱን ተወው። በዚያ ላይ ሣሩ በብርዱ ወራት ይተኛል፤ በዓመት 30 ሳምንት ቢያሠራህ ነው። የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በ2023 የዚህን ሙያ መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 85,420 ዶላር አድርሶታል። አንተ እዚያ የምትደርሰው ሥልጠናው የሚጠይቀውን ሰዓት ስትሞላ ነው፤ ብዙ ቦታ ከ7,000 እስከ 8,000 የሥራ ሰዓት ይፈለጋል፣ ደመወዙም በየደረጃው ይጨምራል። ለ45 ዶላር ሣር ብለህ የዘለልከው የሥልጠና ሰዓት ይህን ደረጃ የሚያዘገይ ከሆነ ሣሩ ከኪስህ እያወጣህ የምታጭደው ሣር ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ጨርሰህ ተው አላልኩህም? የሙከራ ጊዜ የሚባል ነገር አለ። ስድስት ወርም ይሁን አንድ ዓመት፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሊያሰናብቱህ ብዙ ምክንያት አያስፈልጋቸውም። አንዳንዱ ጎበዝ ልጅ ደግሞ 12 ሜትር ምሰሶ ላይ ሲወጣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፤ ፍርሃቱ ነውር አይደለም፣ አንዳንዱን ግን አይለቀውም። ተሰናብቶ የመጣ ሰው ማሽኑን ሸጦ ደንበኛውን በትኖ ከተገኘ የስምንት ወር ልጅ ይዞ ከዜሮ ይጀምራል። በተጨማሪም የመጀመሪያው ዓመት ትርፍ ሰዓት አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር አይደለም። አሥሩ ግቢ ይህን ክፍተት ይሞላልሃል።

ሃያውን ስታስረክብ እያንዳንዱን ደንበኛ ራስህ ደውለህ አነጋግር፤ መልእክት አትላክ። የአጎትህን ልጅ ይዘኸው ሂድ፣ ፊቱን ይዩት። ኢንሹራንሱን በራሱ ስም ያውጣ፤ ባንተ ስም ሆኖ እሱ ሲያጭድ ማሽኑ በወረወረው ድንጋይ የሰው መስኮት ቢሰበር ዕዳው አንተ ደጅ ይመጣል። ዘመድ ነው ብለህ በቃል ብቻ አትተወው፤ እንዲያውም ዘመድ ስለሆነ ጻፈው። ማሽኑን በስንት እንደሚከራይ፣ ሲበላሽ ማን እንደሚያሠራ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንተ ማዕበል ላይ ስትሆን አሥሩንም እሱ አጭዶ ሙሉ ክፍያውን እንደሚወስድ። ይህችን የመጨረሻዋን እንዳትሰስት። እሷ ከሌለች እሱ «ለምን ብዬ?» ይላል፤ ልክ ነው።

ለራስህ የምታስቀራቸውን አሥሩን ስትመርጥ የሚከፍሉትን ብቻ አትይ፤ ጠባያቸውን እይ። ሐሙስ ጠዋት ካልታጨደልኝ የሚለውን ለአጎትህ ልጅ ስጠው። ለቀሩት «በየሳምንቱ» የሚለውን ውል «በአሥር ቀን ውስጥ» ብለህ ቀይረው፣ ምክንያቱንም ንገራቸው። መብራታቸውን የሚመልሰው ሰው እና ሣራቸውን የሚያጭደው ሰው አንድ መሆኑን ሲሰሙ አብዛኞቹ ደስ ይላቸዋል። ማዕበል ባለፈ ሳምንት ስለ ሣር ርዝመት የሚያማርር አሜሪካዊ እስካሁን አልገጠመኝም።

ይሁን እንጂ ይህ ደስታ ጣጣም አለው። «አንተ የመብራት ሰው አይደለህ፣ ይህ ብሬከር ለምን ይዘላል?» ይሉሃል። የቤት ውስጥ ሥራ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው፤ ላይንማን መሆንህ ያንን ፈቃድ አይሰጥህም። «ይህችን ቅርንጫፍ ቁረጥልኝ» ደግሞ ይመጣል። የፌዴራሉ ደንብ ላልሠለጠነ ሰው እስከ 50 ሺህ ቮልት ካለው መስመር የ10 ጫማ፣ ማለትም የ3 ሜትር ያህል ርቀት ያዛል። ቅርንጫፉ ከዚያ ውስጥ ከሆነ ለድርጅቱ ይደውሉ፤ አንተ መጋዝህን እንዳታወጣ፣ የአጎትህን ልጅማ ከቶ እንዳታስጠጋው።

ድርጅቱ ሸሚዝ ይሰጥሃል፣ እሳት የማይዘው ጨርቅ፣ ጥሩ ሸሚዝ ነው፤ ቅዳሜ ለብሰኸው ማጨድ ያምርሃል። አትልበሰው። ቤንዚንና ዘይት የጠጣ ሸሚዝ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲያገኘው ከመከላከል ይልቅ ይቀጣጠላል። ለትንኝ የሚረጩትም መድኃኒት ላዩ ላይ አይነፋ። ከዚህም ሌላ በድርጅቱ ስም የግል ሥራ ስትሠራ መታየት በራሱ ያስጠይቃል። ሥራ ከመጀመርህ በፊት ስለ ውጭ ሥራ ያላቸውን ደንብ ጠይቀህ መልሱን በጽሑፍ ያዝ።

ቅዳሜ ጣትህ በማጨጃው ምላጭ ቢቆረጥ የድርጅቱ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ አይሸፍንህም፤ የሚሸፍነው ለእነሱ ስትሠራ የደረሰብህን ነው። ለጊዜያዊ አካል ጉዳት የሚከፍለውን ኢንሹራንስ በመጀመሪያው የምዝገባ ጊዜ ግባበት፤ ግን ከሌላ ተከፋይ ሥራ የመጣ ጉዳትን የማይሸፍኑ ስላሉ ያችን አንቀጽ ፈልገህ አንብብ። ታክሱን በተመለከተ በየሦስት ወሩ መክፈል ካስጨነቀህ፣ ደብሊው-4 የሚባለው ቅጽ ላይ ተጨማሪ እንዲቆረጥብህ የምትሞላበት መስመር አለ፤ የሣሩን ታክስ ከደመወዝህ ያስቆርጡልሃል።

የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ያስፈልግሃል፤ ከፌብሩዋሪ 2022 ወዲህ ከተመዘገበ አሠልጣኝ ሳትማር መፈተን አይቻልም። ፈቃዱን ካገኘህ በኋላ በራስህ ቪትዝም ሆነ ፒክአፕ ጠጥተህ ብትያዝ ከባዱን መኪና ለአንድ ዓመት አትነዳም፤ ያለ እሱ ደግሞ ሥራ የለህም። ሁለት ሥራ ያለው የአገራችን ልጅ እንዳያንቀላፋ ምን እንደሚይዝ ስለማውቅ ጫትንም ላንሣው፦ ውስጡ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ሕግ ከከባዶቹ የተከለከሉ ዕፆች ተርታ ነው። ማሪዋናም በክፍለ ሀገሩ ቢፈቀድ ባይፈቀድ ለዚህ ፈቃድ ባለቤት ክልክል ነው።

ጿሚ ከሆንክ ፍልሰታን ከወዲሁ አስብበት። ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፤ በጆርጂያ ሙቀት፣ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ ለብሰህ፣ እስከ ትከሻህ ጎማ አጥልቀህ። ውኃ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋል እኔ ሞክሬው አንድ ጊዜ ከባልዲው ውስጥ ደግፈው አውርደውኛል። ለነፍስ አባትህ ሥራህን አስረዳቸው፤ የእኔ ነፍስ አባት ገና ሳልጨርስ ነው «ውኃማ ጠጣ» ያሉኝ።

ባለቤትህንም እንዳትረሳት። ሌሊት ስልክ ሲጮህ መጀመሪያ የምትነቃው ልጅቷ ናት፣ የምታስተኛት እናቷ ናት። እሑድን ለእነሱ ተውላቸው፤ ሣሩም ቢያድግ ይደግ።

ጫማውን በተመለከተ፦ የላይንማን ጫማ ብለህ ጠይቅ። ረጅም ይሁን፣ እስከ ቅልጥምህ አጋማሽ የሚደርስ፤ የምትወጣበት ብረት የሚታሰረው እዚያ ላይ ነው። ተረከዙ በግልጽ ቁልቁል የተቆረጠ ይሁን፤ ብረቱ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው። ሶሉ ውስጥ የብረት ዘንግ ይኑረው፤ ምሰሶ ላይ ለሰዓታት ስትቆም ክብደትህ በሙሉ በእግርህ መሃል ነው የሚያርፈው። ርካሽ አትግዛ። አዲስ ጫማ አድርገህ የመጀመሪያ ቀን ምሰሶ ላይ ከወጣህ ደግሞ ቁርጭምጭሚትህ ይላጣል። ሥራ ልትጀምር የሚቀርህን ጊዜ ተጠቀምበትና በየቀኑ ሣር ስታጭድ አድርጋቸው፤ ቤንዚን ብቻ እንዳታፈስባቸው።